ሚስማር ላይ የቀረው ሽቦ

ጋሽ ሙሀመድኑር ሳሎናቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ቀኝ እጃቸው ጫፉ የተላጠ የማከፋፈያ ገመድ ጨብጧል። ከራስጌያቸው ጠረጴዛ ላይ የኢንተርኔቱ ሞደም፣ በቤቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል።

ከሚሴ ውስጥ እሳቸው ፊደል ያላስቆጠሩት ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ኢንስፔክተር ዓዲላም አንዷ ተማሪያቸው ነበረች። አጠገባቸው ስትንበረከክ እንባዋ ታገላት፤ ዋጠችውና ሥራዋን ቀጠለች።

«ልጄ፣ ጀናዛው ሳይመሽ ይቀበር» አሉ በር ላይ የቆሙት ሼህ አብደላ። «የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው። ሽቦውን የዘረጋውም ተይዟል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጥቂት ታገሱኝ፣ ሼህ።»

የተያዘው በድሩ ነው፤ የዚህን ቤት መስመር የዘረጋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሰፈሩ ከወዲሁ ነፍሰ ገዳይ ብሎ ፈርዶበታል። እናቱ እማማ አስያ ለጋሽ ሙሀመድኑር ምግብ የሚያበስሉ ጎረቤት ናቸው። ታናሽየው ልጃቸው ሰልማን በባቲ አድርጎ አፋር በረሃ ከገባ ወዲህ፣ ባሕር ይሻገር ይስመጥ ወሬው ጠፍቷል። ዛሬ ደግሞ የቀረው ልጃቸው ጣቢያ ገባ። አሮጊቷ ጓዳው ደጃፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

ዓዲላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ ጠዋት የሆነውን አጫውቱኝ።»

«ሰሊማ ከጅዳ ደውላ ነበር፤ የጋሼ ልጅ። በዚያ በሚያሳየው ስልክ። እኔ ጓዳ ነኝ። ‹አባ፣ የሰልማንን ነገር ሰማሁ፤ ማን እንደላከውም› ስትል ነጎድጓዱ ጮኸና መብራቱ እልም! ያ ረቢ! እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ።»

«ማን ማን ሰማ?»

«እኔ፣ ጋሼ፣ ከማል። ጋሼ ‹አይዞሽ አስያ፣ መብራቱ ሲመጣ ደውለን እንጨርሰዋለን› አሉኝ። መቀመጥ ቢያቅተኝ እህሉን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወፍጮው ሲጮህ መብራት መጣ ብዬ እህሉን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ጋሼ እንዲህ ሆነዋል።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። «ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ የበድሩ ሽቦ ሰው አይገድልም፤ ወላሂ አይገድልም።»

«ከዚያ ወዲህ ዕቃ የነካ ሰው አለ?»

«ማንም። ሼህ በሩን ይዘው ቆመዋል።»

ከማል የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ እዚያው ቤት የሚኖር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ጎልማሳ። ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ግን ከስልኩ አልተላቀቀም።

«መብራት እንደመጣ አጎቴ ሞደሙን ሰኩ» አለ። «ኢንተርኔቱ ወዲያው መጣ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ጅዳ ካለ ጓደኛዬ ጋር በኢሞ ሳወራ ነበር፤ እማማ አስያ እስኪጮሁ ድረስ። ማከፋፈያውን ሲነካኩ ያዛቸው መሰለኝ።»

«በሞባይል ኔትወርክ ነው ያወራኸው?»

«የቱ ኔትወርክ? እሱማ ከመብራቱ ጋር ሄዶ መች ተመለሰ! እርስዎን እንኳ በባጃጅ አይደል የጠራንዎት? በቤቱ ዋይፋይ ነው። ይኸው፣ አሁንም ሙሉ ነው።» ስልኩን አሳያት። ምልክቱ እውነትም ሙሉ ነው።

ዓዲላ ቤቱን መዞር ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ተነቅሏል። ፍሪጁም ተነቅሏል፤ ከሥሩ ውሃ ተጠራቅሟል። ከፈተችው። የጋሽ ሙሀመድኑር የስኳር መርፌ መድኃኒት ከላይኛው መደርደሪያ ተቀምጧል፤ ብልቃጡ ለብ ብሏል። በረንዳው ላይ ጠዋት ነፋስ ያስገባው ዝናብ ጭቃ ረጭቶበታል። ከደረጃዎቹ አንዱ ብቻ ጥርት ብሎ ታጥቧል። ተመልሳ የሟቹን መዳፍ ገለጠች፤ የቃጠሎ ምልክት የለውም። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ስትዳስስ ግን ጣቷ ደም ነካ። ከዚያ ቀና ብላ መስኮቱ አጠገብ ሽቦ የተሰቀለበትን ሚስማር ዓይኗን ተክላ አየችው።

«በድሩን አምጣልኝ» አለች አብሯት ለመጣው ፖሊስ። «ሼህ፣ አንቱም ግቡ። ቀብሩን አላዘገይም።»

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። በድሩ እጁ በካቴና ታስሮ ገባ፤ እናቱን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ምን እናደርጋለን?» ስትል ጀመረች ዓዲላ።

ሼህ አብደላ በጥያቄው ተናደዱ። «ሁሉን እንነቅላለና! ሲመለስ ኃይል ጨምሮ ይመጣና ዕቃ ያቃጥላል። አምፖል ብቻ እንተዋለን።»

«ሲመለስስ፣ እማማ? ጋሼ መጀመሪያ የሚሰኩት ምን ነበር?»

«ፍሪጁን ነዋ! መድኃኒታቸው አለበት። አምፖሉ ሲረጋ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲያ።»

«ፍሪጁ እስካሁን አልተሰካም፤ ሞደሙ ግን ተሰክቷል። ሞደሙን የሰኩት ጋሼ አይደሉም።»

«ለልጃቸው ቸኩለው ይሆናላ!» አለ ከማል።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ለልጁ የቸኮለ ሰው ይህን አይረሳም።» ወደ ሚስማሩ አመለከተች። ቀጭኑ የስልክ ሽቦ ተጠቅልሎ፣ በጨርቅ ቁራጭ ታስሮ ተሰቅሏል። «ነጎድጓድ ሲኖር ጋሼ ይህንንም ይነቅሉ ነበር፤ ጠዋትም ነቅለው ሰቀሉት። ኢንተርኔቱ ወደዚህ ቤት የሚገባው በዚህ ነው። ዛሬ ከሚስማሩ አልወረደም። ከማል፣ ስልክህ ላይ ያየኸው ሙሉ ምልክት ከሞደሙ እስከ ክፍልህ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከግድግዳው አያልፍም። መስመር መግባቱን የሚያሳየውን የሞደሙን ሦስተኛ መብራት እየው፤ ጨለማ ነው። ታዲያ ጅዳ ካለው ጓደኛህ ጋር በምን አወራህ?»

ከማል ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ የሞቱት ጭንቅላታቸው ደረጃው ላይ አርፎ ነው። አንተ ደረጃውን አጠብክ፣ ጎትተህ አስገባሃቸው፣ ገመድ ልጠህ አስጨበጥካቸው። ኢንተርኔቱን ሲሰኩ ኤሌክትሪክ የያዛቸው እንዲመስል ሞደሙን ሰካህ፤ ጥፋቱም በበድሩ ላይ እንዲያርፍ። ምክንያቱን ሰሊማ ጠዋት ጀምራው ነበር። እስቲ ትጨርሰው።» ሽቦውን ከሚስማሩ አውርዳ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«አትሰኪው!»

ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። ከማል ባንኖ ዙሪያውን አየ፤ ግን ከአፉ ወጥቷል።

«ሰልማንን ባሕር ለሚያሻግሩት ደላሎች የሰጠኸው አንተ ነህ» አለች ዓዲላ ቀስ ብላ።

«ስሜ ሳይጠራ አጎቴ ፊቴን አይተው አወቁ» አለ ወለሉ ላይ እየተቀመጠ። «በረንዳው ላይ ‹ለአስያ አንተው ራስህ ትነግራታለህ› አሉኝ። እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው። እምቢ ብለው ሊወጡ ሲሉ ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም፤ ወላሂ…»

«በቃ፣ አትማል!» አሉ ሼህ አብደላ። በዕድሜያቸው ከልጅ ላይ ፊት አዙረው አያውቁም፤ ዛሬ አዞሩ።

ካቴናው ከበድሩ እጅ ወጥቶ ከማል እጅ ገባ። እማማ አስያ በድሩን አቅፈው በአንድ ዓይናቸው ሞደሙን ያያሉ። ዓዲላ ገባት፤ ሽቦውን ሰካች። ሦስተኛዋ መብራት ብልጭ፣ ድርግም ስትል ቆይታ ረጋች።

መደርደሪያው ላይ የጋሽ ሙሀመድኑር ስልክ ጮኸ። ሰሊማ ነበረች። እማማ አስያ አነሱት። ወጣቷ ፊቷ ፈክቶ የስልኩን መስተዋት ሞላችው።

«እማማ! አልሐምዱሊላህ! ሰልማን በሕይወት አለ፤ እዚሁ ጅዳ ነው፣ በዓይኔ አየሁት! አንቺን አንቺን ይላል! አባን አቀብይኝ፤ ቀሪውን ለእሱ ልንገረው። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል እኮ…»

እማማ አስያ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ሰሙ። ሊስቁም፣ እልል ሊሉም አፋቸው ተከፈተ። ወለሉ ላይ በጋቢ የተሸፈኑትን ጋሼን አዩ፤ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ።

«እማማ? አባ የት ሄደ?»

አሮጊቷ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ የሬሳውን ወገን በጀርባቸው ጋርደው ዞሩ።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»