የብራዚሎቹ ከበሮ

ከበሮ ሠሪው በሪሁን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ባለችው ሱቁ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ተንጋሎ ወድቋል፤ ማጅራቱ ከበሩ ደፍ ድንጋይ ጋር ተላትሟል። መቶ አለቃ ደምመላሽ ሲደርስ እናትየው እማማ ሠርኬ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከበሪሁንና ከታናሹ ከአሸብር በቀር በዚህ ዓለም ማንም የላቸውም።

«የገደለብኝን ፊቴ አቁምልኝ» አሉት። «ሌላ አልለምንህም።»

«አቆምልዎታለሁ፣ እማማ» አለ። ምን አስቸኮለው! ፖሊስ መቼም ቃል መስጠት አያልቅበትም።

ጣቢያው ኩሊውን ረዲን ይዟል። ጠዋት የተረፈ ቆዳ ሊወስድ መጥቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ እጁም ደም ነክቶታል። ሌላ ካልተገኘ ገመዱ ለእሱ ነው።

ሬሳው ሆስፒታል እንደተወሰደ፣ የዩኒቨርሲቲውን ኮንሰርቶች የምታዘጋጀው ወይዘሪት ሰገነት ከበሮ ልትወስድ መጣች።

«ምን ዓይነት ኮንሰርት ነው?» አላት ደምመላሽ።

«ድንበር የሌለው። ቅዳሜ መጀመሪያ ሃርፕሲኮርድ ነው፤ የጥንት ፒያኖ መሳይ፣ ዜማው ግን የዘንድሮ። ቀጥሎ ብራዚሎቹ፣ ከአፍሪካ አያቶቻቸው በወረሱት ከበሮና ጭፈራ። አንዱ ከበሯቸው መንገድ ላይ ስለተሰበረ በሪሁን በላም ቆዳ ሠራላቸው። ትናንት ማታ ግን በፍየል ይቀየርልን አሉ፤ ቆዳውን በረዲ ላክሁለት።»

«መቀየሩን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከብራዚሎቹና ከረዲ በቀር ማንም።»

አሸብር የቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ ነው። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ስሄድ የብራዚሎቹን ከበሮ ሲመታ ከመንገድ ሰማሁት» አለ። «ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። ያ ኩሊ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።»

ደምመላሽ ጥግ ላይ በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነውን ከበሮ ገለጠ። ሱቁ ውስጥ ያለው ከበሮ እሱ ብቻ ነው። ቆዳውን በአውራ ጣቱ ቢጫነው ተሰረጎደ። ዞር ሲል እማማ ሠርኬ አሸብር ትከሻ ላይ ተደግፈዋል። ምነው ባልነካሁት አለ በልቡ። ረዲስ ታዲያ?

ረዲን በካቴና አስመጣና ሁሉንም እዚያው ሰበሰበ።

«እስቲ ምታው፣ አሸብር።»

አሸብር መታ። ከበሮው እንደ ረጠበ ጋቢ ዝም አለ።

«ይህ የፍየል ቆዳ ማታ ተነክሮ ዛሬ ጎህ ሲቀድ የተወጠረ ነው» አለ ደምመላሽ። «እርጥብ ቆዳ እንኳን መንገድ፣ በር ድረስም አይሰማም። አንተ የላሙ ቆዳ እንዳለ መስሎህ ነው፤ ከጆንያው ሥር አላየህም። ያልተመታውን ሰማሁ ያልከው ረዲ እስኪመጣ ወንድምህ በሕይወት እንደነበር ለማስመሰል ነው። ይህን የሚፈልገው ከረዲ በፊት እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

አሸብር ተንበረከከ። «ወንድምህ ለብራዚሎቹ የመንፈስ መጥሪያ ከበሮ ይሠራል እያሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሳቂያ አደረጉኝ። ተው ስለው ሳቀብኝ። ገፋሁት። መግደልስ አላሰብኩም፣ እማዬ።»

ካቴናው ከረዲ እጅ ወጥቶ አሸብር እጅ ገባ። ደምመላሽ እማማ ሠርኬን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ቃልህን ጠበቅህ፣ ልጄ» አሉት። «ፊቴ አቆምክልኝ። እንግዲህ እኔን ማን ይቅበረኝ?»

ረዲ ሂድ ቢባልም አልሄደም፤ የእጁን አንጓ እያሻሸ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ።