የተጠነጠነው ካሴት

ካሴቱ ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኖ ነበር።

ቴክኒሽያኑ ይህን ዓርብ ጠዋት በዓይኑ አይቷል። የኮሌጁን የፊልምና የካሴት ክፍል ከፍቶ ሲገባ የቪዲዮ ጥበብ መምህሩን ከመደርደሪያው ሥር ተዘርሮ አገኘው። ደሙ ደርቋል። ጮኸ። ከዚያ እጁ ከድንጋጤ ብዛት ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን ሠራ፦ ከካሴት ማጫወቻው፣ ከዴኩ አፍ፣ ግማሹ የወጣውን ካሴት ስቦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በካሴቱ መስኮት በኩል ጥቁሩ ጥብጣብ በሙሉ በግራው ጥቅል ላይ ይታይ ነበር። አየው እንጂ አላስተዋለውም። ያስተዋለው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲቦርሽ ነው። ብሩሹን ጥሎ ተነሣና ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። በዚያን ጊዜ ግን ከመምህሩ ተማሪዎች አንዷ ታስራ ሁለት ሌሊት አድራለች።

ተማሪዋን ያሳሰሯት ነገሮች ቀላል አልነበሩም። ካሴቱ የእሷ የመመረቂያ ሥራ ነበር፤ ሲከፈት ግን ከጥቁር ስክሪን በቀር ምንም የለበትም፤ ተሰርዟል። ከመምህሩና ከቴክኒሽያኑ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። በሩ ላይ ባለው መዝገብ ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ፊርማም የእሷ ነው። መምህሩ ሥራዋን በስሕተት ቢያጠፋባትና በንዴት ወደ መደርደሪያው ከሚወጣበት መሰላል ላይ ብትገፈትረውስ? መሰላሉ ጥግ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ወድቆ የሞተ ሰው ደግሞ መሰላል ወደ ቦታው አይመልስም። ሐኪሙ ሞቱን ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ አድርጎታል።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ አጭር ሴት ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ስታስብ ግን የምትይዘው እሱን ሳይሆን የእጅ ቦርሳዋን ነው፤ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች። ቴክኒሽያኑን ሰኞ ጠዋት እዚያው ክፍል ውስጥ አገኘችው።

«ቢጠነጠን ታዲያ ምን አለበት?» አለችው።

«እዚህ ክፍል ማንም አያጠነጥንም። የመምህሩ ሕግ ነው። ጥብጣብ በራሱ ፍጥነት እስከ መጨረሻው ሄዶ ሲያርፍ ነው ደህና ሆኖ የሚቀመጠው፤ በጥድፊያ ሲጠነጠን አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ አንዱ ጋ ይላላል። የሚጠነጠነው ሊታይ ሲል ብቻ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ሰሞን እያጠነጠነች ስትመልስ ስንቴ ጮኸባት መሰለዎት!»

«እሺ፣ እስቲ ይቺን ይክፈቱልኝ።» ከቦርሳዋ አንድ አሮጌ ካሴት አወጣች። «የእህቴ ልጅ ልደት ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ስክሪኑ ላይ ልጆች ኬክ ከበው ታዩ። አንድ ወፍራም ሰው ከኋላቸው ይጨፍራል።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«አይ፣ ጥሩ ይጨፍራሉ።»

«አይዋሹኝ።»

ቴክኒሽያኑ ፈገግ ብሎ ካሴቱን ከቆመበት አወጣና ሰጣት።

«መምህሩ ቁልፉን ለተማሪዋ ሲሰጣት ቀንተው ነበር?»

ፈገግታው ጠፋ። «ቀንቻለሁ። ምን ልዋሽ? ይህን ክፍል እንደ ልጅ ነው ያሳደግኩት። እሷ ስምንት ወር ተመላለሰችና ‹ልጄ› ይላት ጀመር። ሐሙስ ግን ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ስቱዲዮ ነበርኩ፤ አርባ ተማሪ አይቶኛል።»

ተማሪዋን ከማረፊያ ቤት አምጥተው እዚያው ክፍል አስቀመጧት። ፀጉሯን ያሰረችበት ጨርቅ ላልቷል። መርማሪዋ ውኃ ሰጠቻትና ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት። ልጅቱ መናገር ስትጀምር ለአፍታ የት እንዳለች የረሳች መሰለች።

«እናቴ ማታ ማታ በር ስትቆልፍ ነው። ሌላ ምንም የለውም። ትቆልፋለች፣ ትገፋዋለች፣ ሄዳ ትመለሳለች፣ እንደገና ትገፋዋለች። መጀመሪያ በስምንት ሚሊሜትር ፊልም ቀረጽኳት፣ ከዚያ በካሴት፣ ከዚያ በስልክ። ሦስቱንም አንድ ካሴት ላይ አመጣሁና ያንን ወደ ሌላ ካሴት ገለበጥኩት፤ ሌላውን ደግሞ ወደ ሌላ። በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ ይደክማል። ፊቷ ይጠፋል፤ በመጨረሻ እጇና ቁልፉ ብቻ ይቀራሉ። አስራ ሁለት ደቂቃ ነው። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።»

«ሐሙስስ?»

«እስከ መጨረሻው አብረን አየነው። ‹ጠዋት ለሁላችሁም እንደነገርኩት፣ ከክፍላችሁ ለኤግዚቢሽኑ የሚላከው ይሄ ነው› አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሱ ወደ ስብሰባ ሄደ፤ እኔም ፈርሜ ወጣሁ። ካሴቱን ዴኩ ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ ነው የተውኩት።»

«በሩን ቆለፍሽው?»

«እሱ ስብሰባ ሲሄድ አያስቆልፍም። ‹ማን ቆሻሻ ካሴት ይሰርቃል!› ይላል።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይል ነበር።»

«ካሴት ማጥፋት ብትፈልጊ እንዴት ታጠፊያለሽ?»

«ማግኔቱ አለ፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ። ላዩ ላይ ማዞር ነው፤ ሁሉም ነገር ወዲያው ይጠፋል። ለምን ይጠይቁኛል?»

«ቅጂስ አለው?»

«አንድ። እሱ ራሱ ገልብጦ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም።»

መርማሪዋ መሰላሉን አቁማ ወጣች። ላይኛው መደርደሪያ አቧራ ለብሷል፤ አንድ ካሴት በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ አቧራ የለም። ወርዳ የልደቱን ካሴት ለልጅቱም ሰጠቻት። ልጅቱ አንድ ደቂቃ አሳየቻትና እንዲሁ ከቆመበት አውጥታ መለሰችላት።

የተማሪዋ እናት ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። መርማሪዋ ስትገባ የስፌት መኪናው ላይ ነበረች፤ ከመርፌው በታች ግን ጨርቅ አልነበረም። ይህች ሴት ለልጇ ያልፈራችው ነገር የለም፦ መኪና፣ ኤሌክትሪክ፣ ትኩሳት፣ ክፉ ባል። ሰው ገደለች መባልን ብቻ አልገመተችም ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ ቀድማ ያመነችው እሷ ናት።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«እዚሁ፣ ቤቴ።»

«የኮሌጁ ዘበኛ ሌላ ነገር ነው የጻፈው። አስር ሰዓት ላይ ገብተዋል።»

እናትየው እጇን ከመኪናው መዘውር ላይ አነሣች።

«እባክዎ፣ የኔ እህት፣ እኔን ይሰሩኝ።»

«ለምን ሄዱ?»

«ልለምነው። ልጄን መልስልኝ ልለው! ‹መምህሬ እንዲህ አለ፣ መምህሬ እንዲያ አለ› — ምሳ ላይ እሱ፣ እራት ላይ እሱ። እኔ አንድ ነገር ስናገር ስልኳን ታያለች። ቀናሁ። ሰው ይቀናል ወይ በዚህ ዕድሜ? እኔ ግን ቀናሁ።»

«ከዚያስ?»

«በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል።»

«የሰው?»

«አይ። ልክ ይሄ መኪና ክር ሲያጠነጥን እንደሚለው፤ ዝዝዝ ይልና እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይቆማል። አስር ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። እሷ ናት ውስጥ ያለችው ብዬ ሳላንኳኳ ተመለስኩ፤ በር ላይ ቆሜ ማዳመጤ አሳፍሮኝ።» ድምፅዋ ሰለለ። «ማግስቱን ሞተ ሲሉኝ አፌን ዘጋሁ። ውስጥ እንደነበረች የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ!»

መርማሪዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «እትዬ፣ ይህን ዓርብ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ልጅዎ አልጋዋ ላይ ታድር ነበር።»

እናትየው ትርጉሙ አልገባትም። እንዲያውም የባሰ መጣ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

የቀረው የተማሪዋ የክፍል ጓደኛ «ጥራት» ነው። ይህን ቅጽል ያወጡለት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ምንም ምስል ቢያሳዩት «ጥራቱ ወርዷል» ሳይል አያልፍምና። ካሜራው ከሁሉም የበለጠ ነው፤ እሱ የቀረጸው ዛፍ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለኤግዚቢሽኑ እንደሚመረጥ ማንም አልተጠራጠረም ነበር፤ እሱ ራሱ ደግሞ ከማንም በላይ።

«ሐሙስ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ነበርኩ» አለ፣ እዚያው ካሴቱ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ። «ፊልሜን ከኮምፒውተሩ ወደ አንድ ፋይል እያወጣሁ። የማሽኑን መዝገብ ይዩት።»

«አይቼዋለሁ። በእሷ መመረጥ ተናደሃል አሉ።»

«ማን አለ? እኔ የምናደደው በዘመኑ ነው። በዚህ ጊዜ በደበዘዘ ካሴት ይመረጣል? እኔኮ ካሴት መሃል ነው ያደግኩት፤ አባቴ ያከራይ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው ላይ እኔ ነበርኩ። ስንሰለች ጣልነው፤ እነሱ ጥበብ ብለው አነሱት።»

«ይቺንስ ጥበብ ትላታለህ?» ብላ የልደቱን ካሴት ሰጠችው።

ከፈተው። ወፍራሙ ሰው ጨፈረ።

«ጥራቱ ወርዷል» አለ።

«ሰውየውም እንደዚያው።»

ሳቀ። ካሴቱን አቆመ፤ አንድ ቁልፍ ተጫነና እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ዴኩ ዝዝዝ አለ፤ ፈጠነ፤ ቀጭ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ አውጥቶ በትሕትና ሰጣት። መርማሪዋ አመስግና ወጣችና በኮሪደሩ ላይ ለረዳቷ ስልክ ደወለች።

በዚያው ዕለት አስራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱም በካሴቱ ክፍል ተሰበሰቡ። እናትየው ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇን ልትይዛት ፈለገችና ፈራች። ጥራት በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቴክኒሽያኑ ግድግዳ ተደግፏል።

«እዚህ ክፍል ውስጥ የቀና ሰው ስፈልግ ሦስት አገኘሁ» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ቅናቱን ትቼ ካሴቱን ያዝኩ። አንደኛ፣ ካሴቱ የጠፋው ጥቁር ምስል ከላይ ተቀርጾበት ነው፤ በማግኔት የጠፋ የሚያሳየው ጥቁር ሳይሆን የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ነው። አስራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይጠይቃል። ተማሪዋና ቴክኒሽያኑ በማግኔት ወዲያው ያጠፉት ነበር። ያጠፋው ሰው ግን ማግኔቱን አያውቅም፤ ዴክ መጠቀም ግን ይችላል።»

መርማሪዋ ወደ መሰላሉ ዞረች።

«ሁለተኛ፣ መምህሩ አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ከስብሰባ ተመለሰ። ያንን ሰው ዴኩ ፊት አገኘው። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ያደረገውን ግን አውቃለሁ። መምህሩ መሰላሉን አቁሞ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ፤ ቅጂውን ሊያወርድ። ያ ሰው የዚያን ሰዓት ነው ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደነበር የገባው። መሰላሉን ሳበው። ቅጂውን ወሰደ።»

«ሦስተኛ?» አለ ጥራት። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«ሦስተኛ፣ ያ ሰው ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ዕቃ ተጠቅሞ ወደ ቦታው ሳይመልስ አይሄድም። መሰላሉን ጥግ አቆመው። ካሴቱንም አስተካከለው። አስር ሰዓት ከሃያ ላይ እኚህ እናት በር ላይ ቆመው የሰሙት እሱን ነው፤ አጠነጠነ። በዚህ ክፍል ያደገ ሰው ሲሞትም አያጠነጥንም። ሳያጠነጥን መመለስ ነውር የሆነው የት ነው?»

ቴክኒሽያኑ ቀስ ብሎ ዞረ። «የካሴት ማከራያ» አለ። «ሳይጠነጠን የመለሰ ይቀጣል።»

«ዛሬ ለሦስት ሰው አንድ ካሴት ሰጥቼ ነበር። ሁለቱ ከቆመበት አውጥተው ሰጡኝ።»

ጥራት ሊስቅ ሞከረ። «በልደት ካሴት ሰው ልታስሩ? እኔ ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ!»

«ኮምፒውተሩ ሠርቷል። አንተ ግን አታስፈልገውም ነበር። ሥራውን አስጀምረህለት ብትሄድ ለብቻው ሦስት ሰዓት ይሠራል። ካሴት ነው ሰው አጠገቡ ካልተቀመጠ የማይሆንለት።»

በሩ ተከፈተ። ረዳቷ በላስቲክ የተጠቀለለ ካሴት ይዞ ገባ፤ ጀርባው ላይ የመምህሩ እጅ ጽሑፍ አለ። ከጥራት መኝታ ክፍል፣ ከአባቱ አሮጌ ዴክ ውስጥ ነው ያገኘው። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ በመስኮቱ አየችው። ጥብጣቡ በሙሉ በግራ ነበር።

«ስንት ጊዜ አየኸው?» አለችው በዝግታ።

ጥራት ካሴቱን አየ።

«አስራ አንድ ጊዜ።» ወደ ካሴቱ ጠቆመ። «ላቃጥለው ነበር የወሰድኩት። ‹አይዞህ፣ ቅጂ አለ፤ አንተም ቁጭ ብለህ እየው፣ ትማርበታለህ› አለኝ መምህሩ። እየሳቀ! ያኔ ነው መሰላሉን… ጥራት የለውም። ምንም ጥራት የለውም። ግን ያቺ እጅ ቁልፉን ስታዞር ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ።»

ይዘውት ወጡ። እናትየው እጇን ዘርግታ የልጇን እጅ ያዘች። ልጅቱ አልሸሸችም፤ ግን ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ ነኝ ብለሽ አመንሽ፣ እማ?»

«እኔ ክፉ ክፉውን ነው የማስበው፤ ታውቂኛለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቱ። «ቀርጬሽ የለ?»

ቤት ሲደርሱ መሽቷል። እናትየው እራት አቀረበች፤ ልጅቱ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሰችና ተወችው። እናትየው ትኩሳት ይሆን ብላ ግንባሯን ዳሰሰች። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። እጇ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ቆመች።

«መምህርሽ» አለች ሳትዞር። ይህን ስም በራሷ አፍ አንሥታው አታውቅም። «ይሄን ሲያይ ምን ይል ነበር?»

ልጅቱ አገጯን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ አሰበች።

«‹ፊቷን ተዪው፤ እጇን እዪ› ይል ነበር።»

እናትየው እጇን አየች። መርፌ የበሳው የሌባ ጣት፣ ያበጠ አንጓ። ከዚያ ዞር ብላ ልጇ በእርግጥ ከውስጥ መሆኗን አረጋገጠች፤ ቁልፉን አዞረችው፤ በሩን አንድ ጊዜ ገፋችው፤ አልተመለሰችበትም።