በዮርክ ቅጥር ላይ የቆመው በር

ከጌታ ልደት በኋላ በ፲፰፻፴፬ ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ ሲያካፋ ያደረው ሰማይ ጠርቶ የዮርክ ከተማ ነጭ ቅጥር በፀሐይ ያበራ ነበር፤ ከታች በኡዝ ወንዝ ላይ ጀልባዎች ሸራቸውን ጠቅልለው ቆመዋል፤ ከላይ የካቴድራሉ ደወል በዓሉን ያውጃል፤ በዚያ ቀን የቀንድ ማበጠሪያ ሠሪው ቀንዱን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ገረዲቱም መጥረጊያዋን ጥላ፣ ልጅ ያለው ልጁን ይዞ ከተማውን ከላይ ሊያይ ወደ ቅጥሩ ይወጣል። ድኻ የራሱ ሰገነት የለውምና ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ሰገነቱ ያ ቅጥር ነበር።

ሄስተር ካተን የማበጠሪያ ሠሪው የአምብሮዝ ሚስት ስትሆን፣ በዋልምጌት ሰፈር አንደበቷ የሚፈራ ሴት ነበረች፤ በዚያ ቀን ከባልዋና ከሦስት ሴቶች ልጆቿ ጋር አማቷን ጣቢታን ደግፋ ወጣች። አሮጊቷ የብርዱን ወራት በሙሉ አልጋ ላይ ስታሳልፍ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ እናቷ በልጅነቷ እንዳዞረቻት ቅጥሩን አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር መዞር።

ሚክልጌት የሚባለውን የከተማ በር አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ግን መንገዱ ተቋረጠ። በቅጥሩ አናት ላይ ባለው መሄጃ፣ ከግራ ድንጋይ እስከ ቀኝ ድንጋይ፣ ብረት የተቸነከረበት የወፍራም ሳንቃ በር ቆሟል፤ በላዩም ማለፍ የተከለከለ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ያቆመው ሰር ጀርቬስ ሆልሮይድ ነው፤ ከቅጥሩ ሥር ያለውን ትልቅ ግቢ ከገዛ ወዲህ፣ ተራው ሕዝብ በላዩ እያለፈ አትክልቱን ማየቱ አንገብግቦት ኖሯል። ከሁለት ዓመት በፊት የምርጫው ሕግ ሲሻሻል በየአደባባዩ ርችት ተተኩሶ ነበር፤ የመምረጥ ድምፅ የደረሰው ግን ለእንዲህ ያለው ጌታና ለመሰሎቹ እንጂ ለአምብሮዝ አልነበረም።

አምብሮዝ ወረቀቱን አንብቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ “በደረጃው ወርደን፣ በታች ዞረን፣ በወዲያኛው በኩል እንወጣለን። የማን ቤት ተከራይተን እንደምንሠራ አትርሺ እንጂ።” ከቀንድ ማበጠሪያ የሚሠሩበት ቤትም የሰር ጀርቬስ ነበርና።

አሮጊቷ ደረጃውን አየችና፣ “ልጄ፣ እኔ ይህን ከወረድኩ መልሼ አልወጣውም” አለች።

“እንግዲያስ አንወርድም” አለች ሄስተር፤ የትከሻ ልብሷን በበሩ ሥር አንጥፋ አማቷን አስቀመጠች፤ ዳቦና አይቡን፣ ቀዝቃዛውን የአሳማ ሥጋና የገብስ ጠላውንም አወጣች።

መንገዱ ጠባብ ነውና ከኋላ የመጣው ሰው መቆም ግድ ሆነበት፤ መጀመሪያ ያጉረመረመው ነገሩን ሲሰማ እሱም ተቀመጠ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ቅጥሩ እስከ ሚክልጌት ድረስ በተቀመጠ ሰው ተሞላ። ቀድሞ አለፍ ሲል በጨረፍታ ብቻ ያይ የነበረ ሕዝብ አሁን እግሩን ዘርግቶ በአትክልቱ መካከል የቀረበውን የጌታውን ምሳ ከላይ ይመለከት ጀመር። አንዲት የቆዳ ፋቂ ሚስት ጎመኑ ውኃ እንደ ጠማው ስትነግረው፣ ሌላዋ ሾርባው እየቀዘቀዘ መሆኑን አስታወሰችው።

ሰር ጀርቬስ ምሳውን ትቶ በበሩ ማዶ ወደ ቅጥሩ ወጣ፤ በሩንም ገርበብ አድርጎ የሴትዮዋን ስም ጠየቀ።

“ሄስተር ካተን ነኝ፣ ጌታዬ። ባሌ አምብሮዝ ካተን ነው፤ የሚሠራበትም ቤት የእርስዎ ነው። ሲያጠያይቁ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።”

ሕዝቡ ሳቀ። ጌታው ፊቱ ቢቀላም ብልህ ነበርና አሮጊቷን አይቶ ለስለስ አለ፤ “እኔ ጨካኝ አይደለሁም። እኚህ እናት ከነቤተሰባቸው ይለፉ፤ ፈቅጃለሁ። ሌላው ይመለስ።”

አምብሮዝ እፎይ ብሎ ተነሣ። ሄስተር ግን ልቧ ሁለት ሆነ፤ አሮጊቷ የብርዱን ወራት ሁሉ የተመኘችው መንገድ ገርበብ ባለው በር ውስጥ ይታያል። “ዛሬ በፈቃድዎ ካለፍን፣ ነገ ያለ ፈቃድዎ ማለፍ ቀረ ማለት ነው። ይቅርብን፣ ጌታዬ” አለች፤ ከዚያም በፍርሃት ወደ አማቷ ዞረች።

ጣቢታ ፊቷን ከበሩ መልሳ፣ “ጠላውን አቀብይኝ” አለቻት።

እስኪመሽ ተቀምጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሰኔ መጨረሻ የሚሠሩበት ቤት የኪራይ ውል ሲያበቃ ካተኖች ከዚያ ተባረሩ፤ አምብሮዝ ቀንዱን በመኖሪያቸው ማድ ቤት መስኮት ሥር ይፍቅ ጀመር፤ ግማቱ ልጆቹን እንቅልፍ ሲነሣ፣ እሱም ሚስቱን ለብዙ ቀን አኮረፋት። ጣቢታም ቅጠል ሲረግፍ ቅጥሩን ሳትዞር ሞተች፤ ሄስተር መቃብሯ ላይ የተንበረከከችው ይቅርታ እየለመነች ነበር።

በተከታዩ ዓመት የከተማው ሰዎች ተባብረው ነገሩን ወደ ችሎት አቀረቡ። የሰር ጀርቬስ ጠበቃ፣ ሕዝቡ በዚያ ሲያልፍ የኖረው በባለ ርስቶቹ መልካም ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ሊነሣ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ዳኛውም እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲሰጥ ያየ ምስክር እንዳለ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሄስተር ሳታስበው ባልዋ ከአጠገቧ ተነሣ።

“እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ አልፋበታለች፣ ክቡር ዳኛ፤ እኔም ልጆቼን ተሸክሜ አልፌበታለሁ፤ ማንንም አላስፈቀድንም። ፈቃድ የተሰጠን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን እምቢ ብለን ተመልሰናል። የምሠራበትንም ቤት ያጣሁት በዚሁ ነው።”

ዳኛውም መንገዱ የሕዝብ ነው ብለው ፈረዱ። በሩም ተነቀለ።

ከዓመታት በኋላ ሰር ጀርቬስ በሩ ሲነቀል የፈረሰውን ድንጋይ በራሱ ወጪ አስጠገነ፤ በቦታውም ይህን መንገድ ለሕዝብ መናፈሻ ያደሰው እሱ መሆኑን የሚናገር የድንጋይ ጽላት አስተከለ። ሄስተር ማንበብ አታውቅምና የመጀመሪያ ልጇ አነበበችላት፤ ልጅቱ ተናዳ ጽላቱን እንዳትፍቀው ክንዷን ይዛ፣ “ተዪው። እሱ እዚያው ተለጥፎ ይቅር፤ እኛ እንሂድ” አለቻት።

የኋላ ዘመን ሰው ያነበበው ያንኑ ጽላት ነው፤ ድንጋዩ መንገዱን ያደሰውን ሲያወሳ፣ ቀድሞ የዘጋው ማን እንደ ነበር አያነሣም፤ የካተን ቤተሰብ ስምም በየትኛውም ድንጋይ ላይ የለም። ሆኖም የጰራቅሊጦስ ማግስት በመጣ ቁጥር ሰዉ ልጆቹን ይዞ በዚያ ያልፋል፤ ማንንም አያስፈቅድም።