አምስት ሞልተናል

ሁዘይፋ ከወንበሩ አልወደቀም። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ እንደደፋ ተገኘ። ከታይዋን ገበያ ጀርባ ያለችው ጌም ቤቱ እንደ ድሬ ሱቅ ሁሉ ቀትር ላይ ተዘግታ ነበር። ፀሐዩ በረድ ሲል ሊከፍት የመጣው ሠራተኛው ዐብዲወሊ አገኘው። በሩ አልተሰበረም፤ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያለው ደግሞ ዐብዲወሊ ብቻ ነው። ስለዚህ ታስሮ አደረ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር እፀገነት ባዶውን ወንበር ስትዞረው አለቃዋ ደወለ።

«ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምክንያት።»

«እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ፈልጊ። ከዚያ በኋላ ቀብር ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል፤ ገዳዩን ይዘናል ብለን ነው የምንጠብቃቸው።»

ከውጭ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ የምትጠራጠረው ነገር በዝቷል። ከሁሉ አብልጣ የምትጠራጠረው ግን ቶሎ የተገኘን መልስ ነው።

መጀመሪያ ክፍሉ የሚባለውን ሰው አስጠራች። የሁዘይፋ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል።

«ትናንት ቀትር የት ነበርክ?»

«ሳቢያን፣ ቤቴ። ያው እርስዎም ያውቁታል፣ በዚያ ሙቀት ማን ይወጣል?»

እፀገነት ቀና አለች። ድሬ ተወልዶ «እርስዎ» የሚል ሰው ወይ ለሽምግልና ተልኳል፣ ወይ ፈርቷል።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን፣ ስልኬ ላይ እየተጫወትኩ። እንዲያውም ጨዋታው ውስጥ ሁዜን አይቼዋለሁ! ዋሻው ውስጥ ከእባቡ ፊት ቆሟል፤ ጋሻው ለሁለት ተሰንጥቋል። ወርቅ ልቆፍር በዚያ ሳልፍ ሰላም ብለው፣ ዝም። ለካ ያኔ ነው የሞተው። ምስኪን!»

«አብራችሁ ነበር የምትጫወቱት?»

«ድሮ። እኔ የሜዳው ጨዋታ ሰው ነኝ። የዋሻውን የጀመርኩት ገና አሁን ነው።»

ቀጥላ የዐብዲወሊን እህት ኢስታርን አነጋገረች። ኢስታር ዓይኗ አብጧል።

«ወላሂ ወንድሜ ዶሮ ሲያርድ እንኳን እጁ ይንቀጠቀጣል! አንቺ ደግሞ ስለ ጨዋታ ትጠይቂኛለሽ?»

«አላውቀውማ፣ እህቴ። ሜዳና ዋሻ የምትሉት ምንድን ነው?»

ኢስታር አፍንጫዋን ጠረገች። «ሜዳው ቀፊራ ገበያ በይው። የፈለገ ይገባል፣ ያለፈ ሁሉ ያይሻል። ዋሻው ግን ሌላ ነው። አምስት ሆነን ስንገባ በሩ ይዘጋል። ሌሎች አምስት ቢመጡ ያንኑ የመሰለ ሌላ ዋሻ ይከፈትላቸዋል። ያው እባብ፣ ያው ውሃ፤ ግን እኛ እነሱን አናይም፣ እነሱም እኛን አያዩም።»

«ትናንትስ?»

«እኔ ከቤቴ ሆኜ አብሬው ነበርኩ። የሁዜ ጋሻ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። መብራት ሄደበት ብለን ሳቅንበት። ወዲያው እባቡ ጨረሰው።» ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ሳቅንበት።»

«የጋሻውን ነገር ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ ብቻ። ሌሎቹ ሦስቱ አዲስ አበባና ጅግጅጋ ናቸው፤ መሞቱን እንኳን አልሰሙም።»

ከዐስር ሶላት በፊት ሁሉም ጌም ቤቷ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዐብዲወሊ በካቴና፣ ኢስታር ከጎኑ፣ ክፍሉ በሩ አጠገብ፤ አለቃዋ ሰዓቱን ያያል።

«ከቁልፉ እንጀምር» አለች እፀገነት። «ቁልፍ የሚያስፈልገው ለሚገባ ሰው ነው። ሁዘይፋ ሲዘጋ ውስጥ የነበረ ሰው ግን ምን ያደርግለታል? ሲወጣ በሩን ቢስበው በራሱ ይቆለፋል።» ሳበችው፤ ቀጭ አለ።

«ማን ነበር ውስጥ?» አለ አለቃዋ።

«የነበረው ሰው ራሱ ነግሮኛል። ዐብዲወሊ፣ ስትገባ ኮምፒውተሩ ላይ ምን አየህ?»

«ጨዋታው አልቆ ነበር። ጥቁር ነው፣ ተሸንፈሃል ይላል።»

«ስለዚህ ሁዘይፋ ጋሻው ተሰንጥቆ የቆመው ለአፍታ ብቻ ነው። ያንን ያየ ሰው ወይ አብሮት ዋሻ የገባ ነው፣ ወይ ከትከሻው ጀርባ የቆመ።»

«እኔ በዚያ ሳልፍ ነው ያየሁት!» አለ ክፍሉ።

«ሜዳ ቢሆን አምንህ ነበር። ሜዳ የለመደ አፍህ ነው የከዳህ። ዋሻው አላፊ አግዳሚ የለውም።»

ኢስታር ቀስ ብላ ዞረች። «ክፍሌ… የኛን ዋሻ እንዴት አየኸው?»

ክፍሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ሜዳው ላይ ስንት ነበርን፣ አቦ! የመጣ ሁሉ ቦታ ነበረው። ሁዜ አንድ በአንድ ወደ ዋሻው ወሰዳቸው። ትናንት እዚህ ቆሜ፣ እኔንም አስገባኝ ብዬ ለመንኩት። ዞሮ እንኳን አላየኝም። ‹አምስት ሞልተናል› አለኝ።» እፀገነትን ሽቅብ አያት። «አንቺ ብትሆኚስ?»

«እርስዎ» ቀረ። እፀገነት የዐብዲወሊን ካቴና ፈታች።

«የሁዜ ጀናዛ ለቀብር ወጣ?» አለ ዐብዲወሊ አንጓውን እያሸ።

«ገና ነው» አለችው። «ሩጥ።»