የታንኩ ውሃ

አስናቀ ማለዳ ማለዳ ሥራ የሚጀምረው የቀለም መርጫው አየር ማመቂያ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ከእርጥብ አየር ስቦ ያጠራቀመውን ውሃ በማፍሰስ ነው። ከታንኩ ሆድ ሥር ያለችውን ቧንቧ ይከፍታል፤ አየሩ ከነውሃው ፊሽ ብሎ ይወጣል፤ መልሶ ይዘጋታል። በደሴ ጭጋግ፣ ጓሮው ውስጥ፣ የብረት በር ላይ ቀለም የሚረጭ ሰው ይህን ከዘነጋ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥርና ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። በዚያ ክረምት ግን ማፍሰሱም አልበቃ አለው። አንዱን የግቢ በር ሁለት ጊዜ ፍቆ ሁለት ጊዜ ቀባ፤ ሁለቴም ተበላሸ። የበሩ ባለቤት «ለሦስተኛ ጊዜ ከተበላሸ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎት ሄደ።

መላ አላጣም እሱ። ማሽኑ አየር የሚስብበትን ቱቦ፣ ግድግዳ ሸንቁሮ ወደ እናቱ ክፍል አስገባው። እማማ የሻረግ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ስለሚሞቅላቸው የክፍላቸው አየር ደረቅ ነው። ሞኝ አይደለም ልጁ፤ ችግሩ ሌላ ነው።

በማግስቱ ቧንቧዋን ሲከፍት ውሃው ለብ ያለ ነበር። በሦስተኛው ቀን በዛ፤ ሽታውም የዛገ ብረት መሆኑ ቀርቶ የሚታሸት ቅባት፣ የከረመ ብርድ ልብስና ያልተጉመጠመጠ አፍ ሸተተ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የእናቱ ሳልም ከሞተሩ ጋር ይገጥም ጀመር፤ ሞተሩ ሲስብ ይቆማል፣ ሲያርፍ ይቀጥላል።

«አስናቀ» አሉት ምሳ ሲያቀርብላቸው፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ እያለ፣ «ያ ነገርህ ይስበኛል። ወዲያ አድርግልኝ ልጄ።»

«ንፋስ ነው እማዬ። ሥራዬን ልጨርስና አወጣዋለሁ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣና ቀለሙን በጠበጠ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የቀለም መርጫውን ሲጫነው፣ ከቀለሙ ቀድሞ ረጅም፣ ቀጭን ትንፋሽ ወጣ፤ ትንፋሹም ስሙን ጠራ። ጣቱን አላነሳም። ቀለሙ ብረቱ ላይ ልስልስ ብሎ ተኛ፤ ለመድኃኒት እንኳ አንዲት ቋጠሮ የለበትም። የበሩን አንድ ገጽ ጨርሶ ቧንቧዋን ከፈተ፤ ጠብታ አልወጣም። ሳልም አይሰማም። እጁን ታጥቦ ሊያያቸው የገባው ያን ጊዜ ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ምላሳቸው ቋንጣ መስሎ፣ አፋቸውን ወደ ቱቦው ከፍተው ደርቀው ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ፤ የበሩ ሌላኛው ገጽ አልተቀባም። አስናቀ ማሽኑን አስነሳ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፤ የግፊት መለኪያዋ መርፌ ግን ከዜሮ ንቅንቅ አላለችም። ቱቦው አልተደፈነም፣ ታንኩም አልተቀደደም። ቱቦውን ነቅሎ ደጅ አወጣው፤ ያው ነው። ወደ እናቱ ክፍል መልሶ ሰካውና ሞተሩን አጠፋ።

ለለቅሶው ከወልድያ የመጣችው እህቱ ዘውድነሽ ዓይኗ አብጦ ወደ ጓሮ ብቅ አለች።

«ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አለችው፤ «የት ጋ ልጋደም?»

አስናቀ የመለኪያዋን መርፌ አየ፤ የእህቱ ደረት ከፍ ዝቅ ሲልም አየ።

«እማዬ ክፍል ግቢ፣ ይሞቃል» አላትና፣ በሩን ከውስጥ እስክትዘጋው ጠብቆ ማሽኑን አስነሳ።