የብረት ወንበሬ

መጀመሪያ ያየኋት ቤተ ሙከራው ውስጥ ትልቁ ማግኔት ላይ ጎንበስ ብላ፣ የምስማር ጭንቅላት የምታክል ክሪስታል «አይዞሽ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍሪኝ» እያለች ስትለማመጥ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዕቃው የሚወጣው ነጭ ጭጋግ ፊቴን ሸፍኖታል።

«ማነው እሱ... ጭጋጉ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጭጋጉ ሆነ።

ሥራዬ ክሪስታሏ እንዳትሞቅ ናይትሮጅን መሙላት ነው። እስኪጎድል ግድግዳው ሥር የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እኔ ግን እሷን ነበር የማየው።

አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ ስለ ክሪስታሏ ጠየቅኳት።

«እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረች ናት» አለችኝ። «በየገጹ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ማግኔቶች አሉ፤ ስፒን እንላቸዋለን። የአንዱ ገጽ ወደ ላይ ሲያዩ የቀጣዩ ወደ ታች ያያሉ።»

«ተኳርፈው ነው?»

ሳቀች። «ተኳርፈው። ግን የሚስማማቸውን ሞገድ ስልክባቸው ሁሉም አብረው ይወዛወዛሉ። ያኔ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ስርጉድ ይላል።»

የእሷም ጉንጭ ስርጉድ አለ።

ከዚያ ወዲያ ወንበሬን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ እሷ አስጠጋሁ። አላስተዋለችም። ስክሪኑ ግን ዓይኗን አበራው።

«ጭጋጉ፣ ስርጉዱ በየቀኑ ቦታውን እየለቀቀ ነው! ንብብሮቹ ውስጥ ማንም ያላየው ነገር አለ።»

ፕሮፌሰሯም አመኑ። ጉባኤ ላይ እንድታቀርበው ወሰኑ። ለእናቷ ስትደውል ሰማሁ፦ «እማዬ፣ ተሳካልኝ እኮ...»

በማግስቱ አንድ የመብራት ሠራተኛ መፍቻውን ይዞ ገባ።

«ወንድሜ፣ ያንን ብረት አርቅልኝ» አለችው። «ማግኔቱ አጠገብ ከመጣ ልኬቴን ያዛባብኛል።»

የተቀመጥኩበትን ወንበር አየሁ። ማግኔቱ ጥግ ደርሷል። እሷ ለምሳ ስትወጣ ወንበሩን ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው መለስኩት።

ተመልሳ ስትለካ ስርጉዱ የድሮ ቦታው ላይ ነው። ደጋግማ ለካች።

«ምን አጠፋሁ? ክሪስታሏን አበላሸኋት መሰለኝ...» እንባዋ ጠብ አለ።

ይሄን መቻል አቃተኝ።

«አንቺ አይደለሽም። ወንበሬ ነው። በየቀኑ ሳስጠጋው ነበር።»

ከስክሪኑ ዞር አለች። «ለምን?»

«ስትስቂ ቀረብ ብዬ ላይሽ።»

«ሳትነግረኝ የመለስከውስ? እኔ ራሴን ስረግም እያየህ?»

በጣቷ በሩን አሳየችኝ።

«ውጣልኝ።»

ለፕሮፌሰሯ ራሷ ነገረቻቸው። ከጉባኤው ቀረች። ከዚያ በኋላ ናይትሮጅኑን በር ላይ ትቀበለኛለች። «አስቀምጠው» ብቻ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በሩ ይዘጋል። እናቷ ስትደውል ምን ትላት ይሆን እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

አንድ ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። የብረት ወንበሬ የለም። በቦታው ትንሽ የእንጨት በርጩማ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ተቀመጥኩ።

ሳትዞር «እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለች።

«መራቅ ይሻላል ብዬ።»

«የበርጩማውን ምስማር ሁሉ ነቅዬ በሙጫ ነው ያጣበቅኩት። ተሰብሮ ብትወድቅ አላነሳህም።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«ገና እየለካሁ ነው። ቅረብ።»

ቀረብኩ። ትከሻችን እስኪነካካ ቀረብኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ስርጉድ ንቅንቅ አላለም። የጉንጯ ግን ተመልሶ መጣ።