የባንተአምላክ ኮንሰርት

ባንተአምላክ በገዛ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የአልጋው ብረት ጥግ ደም ነክቶታል። ሐርጌሳ እርስ በርሷ የምትታኮስበት፣ ከኤርፖርቱ በኩል መድፍ የሚያጓራበት ጊዜ ነው፤ ለአንድ ስደተኛ ሬሳ ማን ፖሊስ ይመጣል! የቤቱ ባለቤት አደን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐርታሼክ መጠለያ ተሰዶ ሳለ በለመደው አማርኛ ሸዋርካብሽን ጠራት። ዛሬ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የሰው ልብስ ታጥባለች እንጂ በደርግ ጊዜ የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ዓይኗ ደግሞ ጡረታ አልወጣም።

«እትዬ፣ ገዳይዋ እቺ ናት» አለ አደን የቤቱን ሠራተኛ ጸደንያን እያሳየ። «ከአሱር ሶላት በኋላ ለታጣቂዎቹ እሰጣታለሁ፤ ወላሂ!»

ታጣቂዎቹ የወሰዱት ሰው ሲመለስ አልታየም። ጸደንያ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

«አራት ሰዓት ላይ ጋሼ ካሴታቸውን ሲከፍቱ ከኡባህ ጋር ወደ ዋሄን ገበያ ወጣሁ» አለች። ኡባህ የአደን ሚስት ናት። «ስድስት ሰዓት ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

ካሴቱን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ባንተአምላክ ክላርኔት ይነፋበት የነበረው የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት ነው፤ አንድ ተጫዋች ለብቻው የሚጎላባቸው ሁለት የጥንት አውሮፓ ኮንሰርቶዎች፣ ከዚያ መላው ኦርኬስትራ የሚጫወተው አንድ ሲምፎኒ።

ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው አክሊል የዚያው ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ግራ እጁን ከኪሱ አያወጣም።

«አምስት ሰዓት ላይ በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ ደህና ነበር» አለ። «ሲምፎኒው ተጀምሯል። አብሬው ተጫውቼው የለ፣ እንዴት ይጠፋኛል?»

«እንግዲያው የገደለችው ስትመለስ ነዋ!» አለ አደን።

ሸዋርካብሽ ወደ ቴፑ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው።

«ይህን የነካ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም!» አሉ ጸደንያና አደን።

ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ስሙኝ። የካሴቱ አንድ ፊት አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱ ላይ ኮንሰርቶዎቹ አሉ። ሲምፎኒው በጀርባው ነው። ይኸው፣ የፊተኛው አልቆ ቆሟል፤ አልተገለበጠም። ባንተአምላክ በሕይወት ቢኖር ይገለብጠው ነበር። የሞተው ኮንሰርቶው ሳያልቅ ነው። አደን፣ ያኔ ጸደንያ ከሚስትህ ጋር ዋሄን ነበረች።» ወደ አክሊል ዞረች። «አንተ ግን ያልተጫወተ ሲምፎኒ ሰማሁ አልክ። እንደ ሙዚቀኛ አሰብክ፣ ወንድሜ። ኦርኬስትራ ከኮንሰርቶው ወደ ሲምፎኒው በራሱ ያልፋል። ካሴት የሚገለብጠው እጅ ይፈልጋል።»

አክሊል እጁን ከኪሱ አወጣ። ሦስቱ ጣቶቹ የሉም።

«ሁለተኛው ኮንሰርቶ ላይ ለብቻው የሚጫወተው ቫዮሊን የኔ ነው» አለ። «በየቀኑ በግድግዳው በኩል ጣቶቼን ያሰማኛል! ያላግጥብኛል! ዛሬ ገብቼ ዝጋው አልኩት፤ እንቢ አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ጋሼ አላላገጡም» አለች ጸደንያ ቀስ ብላ። «ቴፑን ወደ ግድግዳው አስጠጊልኝ ይሉኝ ነበር። ‹አክሊል ከሰው አይገባም፣ ብቻውን ነው፤ ያን የኮንሰርቱን ቀን እንኳ ይስማው› እያሉ።»

 አደን ከጸደንያ ፊት ዓይኑን ሰበረ። የአሱር አዛን ተሰማ።

«ለታጣቂ አይሰጥም» አለች ሸዋርካብሽ። «ሽማግሌዎች ጋ ይቀርባል።»

«እሺ» አለ አክሊል። «ሲምፎኒውን አንዴ ልስማው?»

ጸደንያ ካሴቱን ገለበጠችለት። ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ ሰማ።

«ይሄ ክላርኔት እሱ ነው» አለና አለቀሰ።